የሻካራው አድማስ ሙግት

ህዋ ምን ያህል በፍጥነት እየሰፋ ነው? ፕላንክ ሳተላይት ከታላቁ ፍንዳታ ከተረፈው ጥንታዊ ብርሃን ተነስቶ 67.4 ይላል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው የአዳም ሪስ ቡድን ከሚርገበገቡ ኮከቦችና ከሱፐርኖቫዎች (ከሚፈነዱ ኮከቦች) ተነስቶ 73 አካባቢ ይላል። መስፈሪያው ኪሎ ሜትር በሰከንድ ለአንድ ሜጋፓርሴክ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት) ነው። ልዩነቱን የኢንትሮፒን (የሥርዓት መዛባት መለኪያን) ቀመር በማሻሻል መፍታት ይቻላል? ሁለት ሰዎች አልተስማሙም።

ደጋፊ፦ የሪስ ቡድን ልዩነቱ 5 ሲግማ ደርሷል ብሏል። በአጋጣሚ የመከሰት ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ደግሞም 67.4 ቀጥተኛ ልኬት አይደለም፤ ቀመር የወለደው ቁጥር ነው። ቀመሩ ከተንጋደደ ቁጥሩም ይንጋደዳል። ታዲያ ቀመሩ የት ይነካ? ቴድ ጃኮብሰን በ1995 የአይንስታይንን የስበት እኩልታ ከሙቀትና ከኢንትሮፒ ሕግ አውጥቶ አሳይቷል። ኢንትሮፒው ሲነካ ስበትም ይነካል። ቤከንስታይንና ሆኪንግ የብላክ ሆል (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል) ኢንትሮፒ በገጹ ስፋት ልክ ያድጋል አሉ። ጆን ባሮው በ2020 የኮሮና ቫይረስን ሥዕል አይቶ፣ ገጹ ለስላሳ ባይሆንስ ብሎ ጠየቀ። እኔ የሚታየኝ እንጀራ ነው፦ ዓይኑ ሲበዛ ወጥ የሚይዘው ገጽ ይሰፋል። ባሮው ሻካራነቱን ዴልታ አለው፤ ከ0 (ለስላሳ) እስከ 1 (እጅግ ሻካራ)። ይህ ሐሳብ ኋላ ወደ ህዋ አድማስ፣ ማለትም ማየት ወደምንችለው ዳርቻ፣ ተወሰደ።

ተቃዋሚ፦ እንጀራህ ደስ ይላል ወንድሜ። ግን ዴልታ ስንት ነው? ባሮው ራሱ ከባሲላኮስና ከሳሪዳኪስ ጋር ሆኖ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በተሠሩት ቀላል ንጥረ ነገሮች ፈተነው። ከ0.00014 ገደማ መብለጥ አይችልም! ይሄማ ቂጣ ነው። አንድ እህል በሁለት ቁና ተሰፍሮ ቢለያይ መጀመሪያ የሚመረመረው ቁናው ነው። የዌንዲ ፍሪድማን ቡድን በሌላ ዓይነት ኮከቦች ለክቶ 70 አካባቢ አግኝቷል።

ደጋፊ፦ ቁናውማ ተመርምሯል፤ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እነዚያኑ የሚርገበገቡ ኮከቦች ቢያይ የቀድሞውን የሃብል ቴሌስኮፕ ልኬት አጸናው። ዴልታስ ከዘመን ዘመን ቢለዋወጥ?

ተቃዋሚ፦ እንደፈለገ የሚለዋወጥ ቁጥር ከፈቀድንማ የማይገጥም ነገር የለም። ሌላው ችግርም አለ። የቁስ አካል ክምችት ላይም ቅራኔ አለ ስትሉ ነበር። ክምችቱን ከጋላክሲዎች ብርሃን መጣመም የሚለካው የኪድስ ጥናት በ2025 የመጨረሻ ውጤቱን ሲያወጣ ከፕላንክ ጋር ተስማማ። ለዚያ የተሠሩት ቀመሮች ሥራ ፈቱ።

ደጋፊ፦ እሺ፣ ይቺን ሰጥቼሻለሁ። የስበት ሞገድ (ግዙፍ አካላት ሲጋጩ በህዋ የሚሰራጨው ንዝረት) ይፍረደን፤ እሱ የኮከብ መሰላል፣ ማለትም ርቀትን በኮከቦች ደረጃ በደረጃ መለካት፣ አይፈልግም። በ2017 የተጋጩት ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች 70 ገደማ ሰጥተዋል።

ተቃዋሚ፦ የስህተት ክልሉ ግን 67ንም 73ንም ዋጠ። ብዙ ግጭት እስኪመዘገብ ዴልታህን ዜሮ ላይ አቆይልኝ።

ደጋፊ፦ 0.0001 ላይ።