ማስተካከያ፦ በዌስት ባንክ የውኃ ጉድጓድ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?

ስለ ፍልስጤማውያን የውኃ መብት ቀደም ሲል በተሰራጨው መረጃ «ጉድጓድ ለመቆፈር የፍልስጤም የውኃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይበቃል» የሚለው ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተፈረመው ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት ያቋቋመው የጋራ የውኃ ኮሚቴ የሚወስነው ሁለቱም ወገኖች፣ እስራኤልና ፍልስጤማውያን፣ ሲስማሙ ብቻ ነው። እስራኤል እምቢ ካለች ጉድጓዱ አይቆፈርም። ቦታው «ሲ» በሚባለው፣ በእስራኤል ቁጥጥር ሥር ባለውና ከዌስት ባንክ 60 በመቶ ያህሉን በሚይዘው ቀጠና ውስጥ ከሆነ ደግሞ የእስራኤል ሲቪል አስተዳደር (በስሙ ሲቪል ቢባልም የጦሩ አካል የሆነው መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ይጨመርበታል። ያለዚህ ፈቃድ የተሠራ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ እንኳ በተደጋጋሚ ፈርሷል፤ ይህ ለእረኛ ቤተሰብ ከባድ በደል ነው።

«የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን የሚመለከተው የፍልስጤምን አስተዳደር ብቻ ነው» መባሉም ስህተት ነው። ፍልስጤም ይህን ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃዋለች። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰጠው የምክር አስተያየት ቃል ኪዳኑ በተያዙት ግዛቶች ላይ እንደሚሠራ ገልጿል።

ስለዚህ በቃል ኪዳኑ መሠረት የውኃ መብት አቤቱታ የሚያዘጋጁ ማኅበረሰቦች የቧንቧና የቦቴ ውኃን ለየብቻ ይመዝግቡ፦ በቀን በነፍስ ወከፍ ስንት ሊትር፣ አንዱ ሜትር ኩብ በስንት ሰቅል (የእስራኤል ገንዘብ)፣ ቧንቧው ስንት ቀን እንደደረቀ። ሁለቱ ከተደባለቁ የቦቴው ውድነት በአማካዩ ውስጥ ይሰወራል።