ፕላቲነሙ የት አለ?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ አቡሽ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኛ ቤት በከረመበት ጊዜ፣ አንድ ምሽት እራት ቀርቦ ከእሱ በቀር ሁላችንም መሶቡን ከብበን ሳለ፣ ቴሌቪዥኑ «ጥን» የሚል ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ በቴሌቪዥኑ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲጫወት የነበረው ልጅም ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ «ጋሼ! ፕላቲነም ወጣ!» ብሎ ጮኸ። ባለቤቴ የያዘችው ጭልፋ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እኔም፣ አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለ፤ ፕላቲነም ከወርቅ ጋር አብሮ የሚጠራ ማዕድን መሆኑን አውቃለሁና፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ ባይገባኝም፣ ያለብንን ዕዳ በሐሳቤ መደርደር ጀምሬ ነበር።

«የት አለ?» አልኩት።

«ይኸው» ብሎ የቴሌቪዥኑን ጥግ አሳየኝ። ጥፍር የምታክል ዋንጫ ብቅ ብላ፣ መነጽሬን እስካደርግ ድረስ ጠፋች።

«ስንት ያወጣል?»

«አይሸጥም።»

«ለጨዋታው ምን ይጠቅምሃል?»

«ጨዋታውማ አልቋል፣ ጋሼ። ምንም አይጠቅምም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይታያል።»

«ለማን?»

ልጁ ጥቂት አሰበና «ለሚያውቅ ሰው» አለኝ። ባለቤቴ ከነገሩ አንዱም ባይገባትም ልጅ ተደስቶ ዝም አይባልም ብላ እልል አለች፤ እኔ ግን ወጡ እየቀዘቀዘ «ለሚያውቅ ሰው» የምትለዋን ቃል ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ምሽቶች አስተማሪዬ አቡሽ ሆነ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ፕሌይስቴሽን 3 በተባለው የጨዋታ ማሽኑ ላይ እነዚህን ዋንጫዎች ሲጀምር በነሐስ፣ በብርና በወርቅ መደባቸው፤ የአንድን ጨዋታ ዋንጫዎች በሙሉ ለቅሞ ለጨረሰ ደግሞ ፕላቲነም ጨመረለት። ማይክሮሶፍት ከዚያ ቀድሞ በ2005 ከራሱ ማሽን ከኤክስቦክስ 360 ጋር ያመጣው ነጥብን ሲሆን፣ አንድ ትልቅ ጨዋታ በመጀመሪያ 1,000 ነጥብ ይዞ ይመጣ ነበር። በ2014 አንድ አሜሪካዊ የሰበሰበው ነጥብ 1 ሚሊዮን ሞላለት። ይህ ሰው ሚሊዮኑን ይዞ የሰፈራችን ሱቅ ቢመጣ አንድ ክብሪት አይሰጠውም፤ ነገር ግን ሚሊዮን መሆኑን ዓለም መዝግቦለታል። በ2007 ከልጆች ካርቱን ተቀድቶ የወጣ አንድ ጨዋታ ደግሞ አለ፤ በዚህኛው አንድ ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ብቻ 1,000ውን ነጥብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማፈስ ይቻላል። በዚህ መንገድ የተገኘው 1,000 እና በሦስት ወር እንቅልፍ ማጣት የተገኘው 1,000 በመዝገቡ ላይ እኩል ናቸው። የሚያውቅ ሰው ግን ይስቃል።

ነገሩ ከእነዚህ ኩባንያዎች ዋንጫና ነጥብም ይቀድማል። በ1982 አክቲቪዥን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፒትፎል» በተሰኘው ጨዋታው 20,000 ነጥብ ላስቆጠረ ሰው ልብስ ላይ የሚሰፋ የጨርቅ ምልክት ይሸልም ነበር። ተጫዋቹ የቴሌቪዥኑን መስኮት ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ፊልሙን ያሳጥባል፤ ፎቶግራፉን በፖስታ ይልካል፤ ከዚያም የመዳፍ ታህል ጨርቅ በፖስታ እስክትመጣለት ድረስ ደጁን እያየ ይሰነብታል። ይህን ስሰማ ባዕድ ነገር አልመሰለኝም። በእኛም አገር በጥንት ጊዜ አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈር ደፍቶ ሲፎክር፣ ጎፈሩ ብርድ ያስጥለኛል ወይም ጦር ይመልስልኛል ብሎ አልነበረም። ጎፈር የሚከብረው አንበሳ ምን ዓይነት አውሬ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ ነው። ማዕረጎቻችንም ከጊዜ በኋላ ወደዚሁ አዘንብለዋል፤ በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ የነበሩት ግራዝማች፣ ስማቸው የግራውን ጦር አዝማች ነህ ቢላቸውም፣ ሲያዘምቱ ያየሁት ሁለት በጎችን ነው፤ እነርሱንም ወደ ቀኝ።

ጨዋታ ሠሪዎቹ ራሳቸው በዚህ ሁሉ ልፋት የሚሳለቁበት ጊዜ አለ። በ2013 የወጣው «ዘ ስታንሊ ፓረብል» ካሉት ሽልማቶች አንዱን የሚሰጠው ጨዋታውን ለ5 ዓመት ሳይከፍት ለቆየ ሰው ነው። በዚህ ሚዛን እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸላሚ ነበረች ማለት ነው። ትዕግሥት ያነሳቸው ፈረንጆች የኮምፒዩተራቸውን ቀን ወደፊት እየገፉ ሽልማቱን እንደወሰዱ አቡሽ ሲነግረኝ በአገሬ ኮራሁ፤ እነሱ በማጭበርበር ያገኙትን እኛ ከራሳችን የዘመን አቆጣጠር ወደ እነሱ በመሻገር ብቻ በሐቅ እናገኘዋለን፤ እንዲያውም ሁለት ዓመት ተርፎን።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የዘልዳ ነገር ነው። «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» በተባለው የ2017 የዘልዳ ጨዋታ ውስጥ 900 ጥቃቅን ፍሬዎች በየተራራው፣ በየጉቶውና በየድንጋዩ ሥር ተደብቀዋል። ፍሬዎቹን ለሰበሰበ ተጫዋች የዕቃ መያዣው ይሰፋለታል፤ ነገር ግን መያዣው እስከ መጨረሻው የሚሰፋው በ441 ፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት 459 ፍሬዎች ለምን እንዳሉ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። ያም ሆኖ ቆላ ደጋ ብሎ 900ውን የሞላ ሰው ፍሬዎቹን ለሚሰበስበው የጨዋታው ፍጡር ሲያስረክብ የሚቀበለው ሽልማት፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝና፣ ወርቅ የተቀባ ዓይነ ምድር የሚመስል ክምር ነው። ሽታ እንዳለውም አብሮ ተጽፎለታል። ጥቅሙ ያን ፍሬ ሰብሳቢ ፍጡር በፈለጉት ሰዓት ማስጨፈር መቻል ነው። ይህን ሲነግረኝ አቡሽ ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በአክብሮት ድምፅ «ጋሼ፣ እኔ 612 ላይ ነኝ» አለኝ።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ቢያንስ በላብ የተገኘ ነው። ፀባዩ የተለወጠው ሱቁ ሲከፈት ነው። በ2006 ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ «ኦብሊቪየን» በተሰኘው ጨዋታው ውስጥ ለፈረስ የሚለበስ ጥሩር በ2.50 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ፤ ዓለምም ሳቀ፤ እየሳቀም ገዛ። ፈረስ በማስጌጥ እኛን የሚቀድመን ባይኖርም፣ ከፈረስ የምንወስደው ሌላ ነገር አለን፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኘን የፈረስ ስም ነው። አቡሽም በጨዋታው ዓለም የሚጠራበት የፈረስ ስም አለው፤ ሁለት አኃዝና አንድ ስድብ ስላለበት እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው «ፎርትናይት» ነው። ጨዋታው ራሱ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ በ2021 በፍርድ ቤት ይፋ በሆነ ሰነድ መሠረት በ2018 እና በ2019 ብቻ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አስገብቷል። ገቢው በአብዛኛው ከልብስና ከጭፈራ ሽያጭ የመጣ ነው። ልብሱ ጥይት አይመልስም፤ ጭፈራውም ጠላት አያባርርም። ይሁን እንጂ ጨዋታው መጀመሪያ በሰጠው ልብስ ብቻ የሚዞር ልጅ በእኩዮቹ ዘንድ «ዲፎልት» ይባላል፤ አቡሽ ይህን ቃል ሲናገረው እናቴ «የሰው በረንዳ አዳሪ» የምትለው ቃል ትዝ አለኝ።

ልብሱን ለመግዛት ከዚህ አገር ሆኖ መክፈል ስላልተቻለ፣ ዋሽንግተን ወደምትኖረው አክስቱ ተደወለ። እህቴ አረጋውያንን ስትንከባከብ አድራ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር።

«ልብስ ከሆነማ ምን ችግር አለው? ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች።

«ቁጥር የለውም፣ አክስቴ።»

«እንዴት ቁጥር የለውም? አድገህ የለም እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም የምለብሰው።»

«ማን ነው የሚለብሰው?»

«ሰውዬው ነው። ጨዋታው ውስጥ ያለው።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። እህቴ በሃያ ዓመት የስደት ኑሮዋ ሕያዋንን ሁሉ አልብሳለች፤ ለሙታንም የተዝካር ልካለች፤ ፈጽሞ ያልተፈጠረ ሰው ልብስ አምጪ ሲላት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቢሆንም 20 ዶላሩን ከፈለች፤ እንደ ልማዷም «ለብሰኸው ፎቶ ላክልኝ» አለች። ልጁ ታዛዥ ነውና ላከላት። በእኩለ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ፎቶው ላይ የተኩላ ራስ ያለው፣ ደረቱ በእሳት የተያያዘ ፍጡር አንድ እግሩን አንሥቶ ይጨፍራል፤ ከሥሩም እህቴ «ይህ ልጅ ሐኪም አይቶታል?» ብላ ጽፋለች።

በሦስተኛው ቀን ከኋላው ቆሜ ስመለከት፣ ያንኑ ተኩላ ለብሰው አራት ሌሎች ልጆች ሲያልፉ አየሁ። አቡሽም አይቷቸዋል። «እሱንማ ማንም ይገዛዋል» አለ፣ የአክስቱን የሌሊት ፈረቃ በአንዲት ቃል አሰናብቶ። ከዚያም ወደ ፕላቲነሙ መለሰኝ። ማሽኑ ለካ ከእያንዳንዱ ዋንጫ ሥር፣ ያን ጨዋታ ከተጫወቱት ሰዎች ስንት በመቶ የሚሆኑት እንዳገኙት ይጽፋል። ከእሱ ፕላቲነም ሥር የተጻፈው 1.8 በመቶ ነበር። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያ እየጀመረ የተዋጋውን ያን ጭራቅ፣ የተቆጣሁባቸውን ሌሊቶች፣ ያልበላውን እራት አሰብኩና ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። የሚያውቅ ሰው ሆኜ ነበር።

እዚያ ላይ ብናቆም መልካም ነበር። ልጁ ግን ቁጥር አንዴ ከቀመሰ አይመለስም፤ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ በላይ ወዳለው ግድግዳ አነሣ። እዚያ፣ ከሠርጋችን ቀን ወዲህ ውኃ ነክቷቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች ከተደረደሩበት ቡፌ በላይ፣ ከየሥልጠናው ያመጣኋቸው ሰባት የምስክር ወረቀቶች በመስታወት ተሰቅለዋል። መካከለኛውና ባለወርቃማ ጠርዙ፣ አዳማ ላይ ለሁለት ቀን በተካሄደ የአቅም ግንባታ ዐውደ ጥናት ያገኘሁት ነው።

«ጋሼ፣ ይኼኛውን ስንት በመቶ ሰው አገኘው?» አለኝ።

በዐውደ ጥናቱ የተመዘገብነው 62 ሰዎች ነበርን። ወረቀቱን የወሰድነውም 62 ነን፤ ሁለቱ እንዲያውም አዳማ ድረስ አልመጡም ነበር።