መቶ ሲደመር ሃምሳ

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ አድርጎ የመረጠኝ በችሎታዬ አይደለም፤ ቤቴ ውስጥ ኮምፒውተር መኖሩን ጥሩምባ ነፊው አይቶ ስላወራ ነው። በማግስቱ የዕድሩ ዳኛ ጠርዙን አይጥ የቀማመሰው መዝገብ አስታቅፈውኝ «ይኼን በኮምፒውተር አድርግልን» ብለው ሄዱ።

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ጃቫስክሪፕት የሚባለው የኮምፒውተር ማዘዣ ቋንቋ ይበቃሃል» አለኝ። ብሬንዳን አይክ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ሳለ የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀን ጽፎ እንደጨረሰው ሲነግረኝ ግን ሆዴ ፈራ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ክርስትና ለመነሣት እንኳ 40 ቀን ይጠብቃል።

የሆነ ሆኖ ሠራሁት። በአንዱ ሳጥን ወርኃዊውን መዋጮ፣ በሌላው የዘገየበትን ቅጣት እሞላለሁ፤ በመሐላቸው የመደመር ምልክት አለች፤ ድምሩ ወደ አባሉ ስልክ ይሄዳል። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? የመጀመሪያዋ ባለዕዳ የአጥር ጎረቤቴ እማማ ነበሩ፤ መዋጮ 100 ብር፣ ቅጣት 50 ብር። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነጠላቸውን እያጣፉ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ማንን ገድዬ ነው?»

ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁ፤ 10050 ብር ይላል።

የእኅቴ ልጅ ተጠርቶ መጣና ከት ብሎ ሳቀ። ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ሁሉ ለቋንቋው ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም አለኝ። ጽሑፍ ሲያጋጥመው ደግሞ መደመር ማለት አንዱን ከሌላው ጎን ማቆም ይመስለዋል። መቶን አስቀመጠ፣ ሃምሳን አጠገቡ ገተረ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ መደመር አይቼ አላውቅም ልል ነበር፤ ተውኩት።

የገረመኝ መቀነሱ ነው። እነዚያኑ ሁለት ጽሑፎች በመቀነስ ምልክት ብትለያቸው በትክክል 50 ይሰጣል። መቀነስ ጽሑፍ ላይ የሚሠራው ሌላ ሥራ ስለሌለው፣ ሳይወድ በግዱ ወደ ቁጥር ይለውጣቸዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ሲያስከፍል ይቀጣጥላል፣ ሲቀንስልህ ግን ሳንቲም አይስትም። ይኼን ጠባይ የት ነው የማውቀው ብዬ ሳሰላስል፣ ለካ ያለፈው ወር ቤቴን ያደሰልኝ ግንበኛ ነው።

ሳጥኖቹን ወደ ቁጥር እንዲለውጥ አዝዘን ያንን አለፍን። ቀጥሎ የእኩል ምልክት መጣ፤ እሱ ደግሞ በሦስት ማዕረግ ነው። አንድ ብቻዋን ስትቆም እኩልነት አይደለችም፤ ሹመት ናት። በግራ ያለውን ስም በቀኝ ባለው ዋጋ ትሾመዋለች፤ ይገባዋል አይገባውም ብላ አትጠይቅም። ሁለት ሲሆኑ ይጠይቃሉ፤ ግን እንደ ሠርግ ሽማግሌ ናቸው። በጽሑፍ የተጻፈውን መቶና በቁጥር ያለውን መቶ ያቀርቡና «ያው ናቸው፣ ምን ለያቸው» ብለው ያጋቧቸዋል። ሦስት ሲሆኑ ግን መስኮት ጀርባ የተቀመጠ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይሆናሉ። ኮፒው ላይ ያለው ስም፣ ቁጥርና ፎቶግራፍ ከዋናው ጋር አንድ ነው፤ እሱም አንድ መሆኑን ያያል፤ ሆኖም ኮፒ ነው። «ዋናውን አምጣ።» ዋጋው ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ካልገጠመ አያሳልፉም።

የመቶኛ ምልክቷን ስናይ መሪጌታ ለቡና ተቀምጠው ነበር። ድንኳን የሚተክሉት አራቱ ቡድኖች ተራቸው እንዳይፋለስ፣ ይህች ምልክት የወሩን ቁጥር ለአራት አካፍላ ቀሪውን ብቻ ትሰጣለች እያለ የእኅቴ ልጅ ሲያስረዳኝ፣ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ይኼን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩህ? 5500 ላይ 2015ን ደምርና ለአራት ግደፈው።»

ልጁ ስልኩን አወጣ። መሪጌታ አልጠበቁትም። «ሦስት ይተርፋል፤ ሉቃስ ነው። ለዚህ ነው ጳጉሜን ስድስት የሆነችው። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። ቡድኖቹን በእነሱ ሰይማቸው።» ልጁ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። የባሕረ ሐሳብ ሰው ፊት ስለ ቀሪ ማውራት ለቀጨኔ ሸክላ እንደ መውሰድ ነው።

እኔም በዚህ ተደፋፍሬ የመጨረሻውን ነገር ያለ ረዳት ጻፍሁ። ትእዛዙ አጭር ነው፤ አባሉ የከፈለ ከሆነ ዕዳው ዜሮ ይሁን። «ከሆነ» በምትለው ቦታ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የእኩል ምልክት መሆን ሲገባው አንዲት ብቻ አስቀመጥሁ። ከፍለሃል ወይ ብዬ የጠየቅሁ መስሎኝ፣ የዕድሩን አባል በሙሉ አንድም ሳይቀር ከፋይ አድርጌ ሾምሁ።

ያን ጊዜ 10050 ብር አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ በሬ ተንኳኳ። አሁን አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ በሬን የነካ የለም። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ አባል ሁሉ ባርኔጣውን ያነሣል። በሦስተኛው ሳምንት ገንዘብ ያዡ ባዶ ሣጥን ታቅፈው ሊመጡ ሲሉ፣ እማማ ቀደሟቸው። በአንድ እጃቸው ስልካቸውን፣ በሌላው ትኩስ ድፎ ይዘዋል።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «ይኼ ኮምፒውተር አሁን ገና ሰው ሆነ።»