ፈንግል ኤክሴል ውስጥ አይገባም

ኮርሱ ለእኔ የተሰጠው አውቀዋለሁ ተብሎ አይደለም። አርፍጄ ነው። የትምህርት ክፍላችን የኮርስ ድልድል ስብሰባ ለ3፡00 ተጠርቶ እኔ 3፡40 ደረስኩ። ሰው ሁሉ የሚመቸውን አንስቶ ጨርሷል። ሰርግ ቤት አርፍዶ እንደገባ ሰው የተረፈው ነው የደረሰኝ።

«ሥራ ፈጠራ ያንተ ናት» አለኝ የክፍሉ ኃላፊ።

«እንዴ፣ እኔ እኮ በሕይወቴ አንድ ክብሪት ሸጬ አላውቅም!»

«እኛስ መቼ ሸጠን እናውቃለን?»

ቃለ ጉባኤው ተፈረመ።

በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ሥራ ፈጠራም ከእነሳይኮሎጂ፣ ከእነጂኦግራፊ፣ ከእነኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ጋር ተሳፍራ መጣች። ሐኪም የሚሆነውም ጠበቃ የሚሆነውም ይወስዳታል። ሐሳቡን አልነቅፍም። መንግሥት ተመራቂን ሁሉ እንደማይቀጥር ለማወቅ ሰፈሬ ያለውን የድንጋይ አጥር ማየት ይበቃል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ዲግሪ ነው የተደረደረበት። ችግሩ አስተማሪው እኔ መሆኔ ነው። ደመወዝ ሁለት ቀን ሲዘገይ የማደርገውን የማጣ ሰው፣ ሰኞና ረቡዕ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለ ሪስክ እሰብካለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ሞቅ ብሎኝ «ሰውን ፈሪ የሚያደርገው ደመወዝ ነው!» አልኩ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ያቺ ጭብጨባ በኋላ ዋጋ አስከፍላኛለች፤ እመጣበታለሁ።

እናቴ የኮርሱን ስም ስነግራት ግራ ተጋባች። በእኛ ቤት «ሥራ ፈጠረብኝ» የሚባለው ልጅ ወተት ሲደፋ ነው።

«እና ይኼን ለማስተማር ነው ደመወዝ የሚከፍሉህ?» አለችኝ።

የኮርሱ ሞጁል «አንተርፕረነር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ይነሣና ካንቲሎን ወደሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ባንክ ይወስደናል። ትውልዱ አየርላንድ፣ ሥራው ፓሪስ። እሱ እንደሚለው ሥራ ፈጣሪ ማለት በሚታወቅ ዋጋ ገዝቶ በማይታወቅ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ነው። ዐረፍተ ነገሯን ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት። ክፍሉ በሙሉ ገለበጣት። አንድ ልጅ ብቻ አልገለበጠም። መጨረሻው ወንበር ላይ ተኝቷል። ስሙን ያዝኩት፤ ለክፉ ነው የያዝኩት።

ከዚያ የቢዝነስ ፕላን ዘመን መጣ። ተማሪዎቼን በ12 ግሩፕ ከፈልኳቸው። ግሩፕ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ሁለቱ ሠርተው ስድስቱ ስማቸውን የሚያስገቡበት ዘዴ ነው። ከ12ቱ ዘጠኙ ዶሮ እርባታ አመጡ። አንዱ ከብት ማድለብ፣ አንዱ ካፌ። አንዱ ደግሞ ምን እንደሚሠራ እነሱም እኔም ያልገባን አፕ።

ዶሮዎቹን ልንገራችሁ። 500 ጫጩት ይገባል። 500ውም ያድጋል። 500ውም ሴት ነው። ጫጩት አድጋ እንቁላል ለመጣል አምስት ወር ገደማ ይፈጅባታል፤ የእኛዎቹ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ፣ እሑድን ጨምሮ፣ በየቀኑ ይጥላሉ። በሽታ የለም። ድመት የለም። በዓል ሲመጣ ብድግ አድርጎ የሚያርዳት ዘመድ የለም። ድሮ «ላም አለኝ በሰማይ» ነበር የሚባለው፤ አሁን ላሟ ቀርታ ዶሮ በኤክሴል ሆኗል። ይሁን ብዬ ሳነብ እንቁላሉ 4 ብር ይሸጣል ይላል። በ4 ብር ዛሬ ቅርፊቱም አይገኝ። ወደ ምስጋናው ገጽ ተመለስኩ። «ያለ እሳቸው ድጋፍ ይህ ሥራ አይሳካም ነበር» ተብለው የተመሰገኑት መምህር ለዶክትሬት ውጭ ሄደው ከቀሩ ቆይተዋል።

ነገሩን ለማጣራት በር ላይ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድኩ። ባለቤቷን ግቢው በሙሉ «ማዘር» ነው የሚላት። ጃኬት ለብሼ ቦርሳ አንግቤ ስላየችኝ ተማሪ መሰልኳት።

«ኤክስቴንሽን ነህ?»

«አዎ» አልኩ፤ ምላሴ ቀደመኝ።

«ቢዝነስ ፕላን ነው አይደል? ዶሮ ይሁንልህ ማድለብ? አምና ዶሮው ኤ አምጥቷል። ማድለቡ ቢ ፕላስ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ዶሮው ባለ ቀለም ግራፍ አለው። ለየትኛው አስተማሪ ነው?»

የራሴን ስም ነገርኳት።

«ውይ እሱማ አያነብም! ሽፋኑ ይመር እንጂ። የምስጋናዋን ገጽ ብቻ ቀይር፤ ልጆቹ እሷን ይረሳሉ።»

60 ብር ከፍዬ በስፒራል አስጠርዤ ወጣሁ። ማስረጃ ይሆናል ብዬ ነው። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ሄድኩ። ይቺ ሴት የደንበኛዋን ፍላጎት ታውቃለች፣ ወቅቱን ታውቃለች፣ አንዱን ዕቃ መቶ ጊዜ ትሸጠዋለች፤ ይባስ ብላ የእኔንም ጠባይ ከእኔ በላይ አጥንታለች። ሞጁሉ የገበያ ጥናት የሚለውን በ30 ገጽ ያስረዳል። እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

በተማሪዎቹ ዶሮ እንዳልስቅ የሚያደርገኝ የራሴ ጉድ አለ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን፣ ሦስት ባለ ማስተርስ፣ 100 ዶሮ ገዝተን ነበር። እኛም ኤክሴል ነበረን። የፈንግል ክትባቱን የመጀመሪያ ዙር ሰጠን። ሁለተኛውን «የፈተና እርማት እንጨርስና» ብለን አስተላለፍነው። ፈንግል የአካዳሚክ ካላንደር አያውቅም ለካ። ማክሰኞ አራት ሞቱ። ሐሙስ ሠላሳ። እሑድ ባልደረባዬ ከዶሮ ቤቱ ወጥቶ ምንም ሳይናገር አጥሩን ይዞ ቆመ። የተረፉትን ሰባት ለጎረቤት በዱቤ ሰጠን፤ ዱቤው እንደተሰጠ ቀረ።

የምጽናናው በሹምፔተር ነው። ሥራ ፈጣሪ የኢኮኖሚው ሞተር ነው ብሎ ዓለምን ያሳመነው ኦስትሪያዊ። ሰውየው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1921 ቪየና ውስጥ የአንድ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1924 ባንኩም ተንገዳገደ፣ ወንበሩም ሄደ፣ እሱም ለዓመታት የሚከፍለውን ዕዳ ታቅፎ ቀረ። ምን አደረገ? ወደ ማስተማር ተመለሰ! ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ሞጁሉ ግን ይህቺን ታሪክ ዘሏታል።

መሃል ላይ «ስኬታማ ሥራ ፈጣሪ» ጋብዘን ነበር። ከ500 ብር እንደተነሡ ተናገሩ። ሁሉም ከ500 ብር ነው የሚነሡት፤ ከ700 የተነሣ ሰው ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻ ስለ ሕንፃቸው አወሩ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «በ500 ብሩና በሕንፃው መሃል ምን ነበር?» አለች። እንግዳው ሰዓታቸውን አዩና «እግዚአብሔር ነዋ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሻይና ቦንቦሊኖ ቀረበ።

አሁን ወደዚያ ወደሚተኛው ልጅ እንመለስ። ለክፉ የያዝኩት ስሙ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ጠበቀኝ። እኔ አባል ነኝ፤ ያንንም ስብሰባ አርፍጄ ነው ያገኘሁት። ክሱ፦ በመኝታ ክፍል ውስጥ ንግድ ማካሄድ። ማስረጃው፦ ፕሮክተሩ ከአልጋ ሥር ያወጣው አንድ ትልቅ ፌስታል ቆሎ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ፣ አንድ ደብተር።

ልጁ አልካደም። እራት በ11፡30 ይበላል አለ። ተማሪ የሚተኛው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። መሃል ላይ ረሃብ አለ፤ ላውንጁ ደግሞ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ገብስና ሱፍ ይገዛል። በር ላይ ያሉ አንዲት እናት በድርሻ ይቆሉለታል። በብርጭቆ 15 ብር ነው፤ ፈተና ሲደርስ ኦቾሎኒ ይገባበታል። ቴሌብር ይቀበላል፣ ዱቤም ይሰጣል። ክፍል ውስጥ የሚተኛው ሌሊቱን ከፎቅ ፎቅ ሲዞር ስለሚያድር ነው።

በሚታወቅ ዋጋ ገዝቶ በማይታወቅ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ፊቴ ቆሟል። እኔ ደግሞ መመሪያውን እያገላበጥኩ አንቀጽ ፈላጊ ነኝ።

«ንግድ ፈቃድ አለህ?» አሉት ሊቀመንበሩ።

«ለማውጣት የኪራይ ውል ይጠይቃሉ። ዶርሜ ውል ይሆናል እንዴ?»

ዝም ተባለ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ወደ ፌስታሉ ላኩ። ጥራቱን ለማየት መሰለኝ። ቀጥሎ የተማሪዎች ዲን ቆነጠሩ። ከዚያ ጸሐፊዋ። ሱፉ በደንብ ተቆልቷል፤ ጨው በልክ ነው። መመሪያው አንቀጽ በአንቀጽ ሲነበብ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የንባቡ ድምፅና ቆርጠም ቆርጠም ብቻ ነበር። እኔም በልቻለሁ፤ አልዋሽም። ስብሰባው ሲያልቅ ለልጁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተወሰነ። ጸሐፊዋ «የተያዘው ንብረት እንዲወገድ» ብላ መዝግባ ቀና ስትል ፌስታሉ ባዶ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ቢሮዬ መጣ። በእጁ የአንድ ብድር ተቋም ቅጽ ይዟል።

«ቲቸር፣ ፈቃዱን ላውጣ ብዬ ነው። በር ላይ ትንሽ ቤት አግኝቻለሁ። መቁያ ማሽን መግዣ ብድር እሰጥሃለሁ ብለውኛል። ዋስ ብቻ ነው የጎደለኝ። የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን አለበት አሉ።»

ጉሮሮዬ ደረቀ። «ወላጅ… ዘመድ የለህም?»

«አለ፤ ገበሬ ናቸው። ደግሞ ጓደኞቼ ነገሩኝ፣ ሰውን ፈሪ የሚያደርገው ደመወዝ ነው ብለዋል አሉ። ተኝቼ አልሰማሁም፤ ግን በጣም ደስ አለኝ።»

ጊዜ ለመግዛት ቢዝነስ ፕላኑን ጠየቅሁት። ከደብተሩ መሃል አንድ ወረቀት ገንጥሎ ሰጠኝ። ጀርባው የእኔ የምዕራፍ ሁለት ሀንድ አውት ነው። ግራፍ የለውም። «ኪሳራ» በሚለው ሥር እንዲህ ይላል፦ አይጥ የበላው፤ ያረረ፤ ፕሮክተር የወሰደው። ዝቅ ብሎ «ያልተሰበሰበ ዱቤ» የሚል አለ። የዶርም ቁጥሮች ተደርድረዋል። በመጨረሻው መስመር ላይ፦ የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ 11 ብርጭቆ፣ 165 ብር።

«ስለ ዋስትናው ከባለቤቴ ጋር ልማከር» አልኩት። የዶሮዎቹን ነገር የምታነሣብኝ መሆኑን እያወቅሁ ነው። የቆሎውን ግን እዚያው በቴሌብር ላክሁለት፤ የአምስታችንንም። ስልኩ ጢን አለ፤ ልጁ እስክሪብቶ አውጥቶ መስመሯን ሰረዘ።

ከቀሩት አራት የኮሚቴ አባላት 33 ብሯን የመለሰችልኝ ጸሐፊዋ ብቻ ናት።