የፈረስ ሰዓሊ ማንን ነው ያሞገሰው?

ሰሞኑን ለንደን ውስጥ ስለ ሥዕል ሙዚየሞች አንድ ውይይት ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ የውድድር ፈረስ፣ ጆኪ (የውድድር ፈረስ ጋላቢ) እና ውሻ የተሳለባቸው ሥዕሎች ከግድግዳ ወርደው መጋዘን ይግቡ አለ። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ የፈረስ ሰዓሊ ማለት የጌቶችን ንብረት እያሳመረ የሚከፈለው አሞጋሽ ነው፣ ካሜራ ከመጣ ወዲህማ ጭራሽ አያስፈልግም ብሎ መለሰ። አዳራሹ አጨበጨበ። የኛ ሰዎችም ነበሩ፣ እነሱም አጨበጨቡ። አጼ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሰዎች! እኔን ያበሳጨኝ ከንግግሩ ይልቅ ጭብጨባው ነው።

ከካሜራው ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። እንግሊዛዊውን የፈረስ ሰዓሊ ጆርጅ ስታብስን እንውሰድ፤ በ1724 ሊቨርፑል የተወለደ የቆዳ ሠራተኛ ልጅ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1750ዎቹ ሊንከንሻየር ውስጥ ሆርክስቶ በሚባል መንደር አንድ የእርሻ ቤት ተከራየ። እዚያ ከሕይወት አጋሩ ከሜሪ ስፔንሰር ጋር ሆኖ የሞቱ ፈረሶችን ከጣሪያ እያንጠለጠለ ቆዳውን፣ ጡንቻውን፣ ጅማቱን በየተራ እየገፈፈ እስከ አጥንቱ ድረስ ሳለ። አንድ ዓመት ተኩል ፈጀበት። ሽታውን አስቡት። ሥዕሎቹን ለንደን ወስዶ ለኅትመት መዳብ ላይ ለሚቀርጹ ባለሙያዎች ሲያሳይ የሚሠራለት አላገኘም፤ ስለዚህ መዳቡን ራሱ ቀርጾ በ1766 ስለ ፈረስ አካል የሚያሳየውን መጽሐፉን አወጣ። ይሄን ሰው ነው እንግዲህ ካሜራ በሌለበት ዘመን የካሜራ ሥራ ሲሠራ የነበረ ገልባጭ የሚሉት። የትኛው ካሜራ ነው ከቆዳው በታች ያለውን እንዲህ የሚያውቀው?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ማለትም "አሞጋሽ" ወደሚለው ስድብ። እስቲ ማንን ነው ያሞገሰው? በመጋቢት 1799 ኒውማርኬት በምትባለው የእንግሊዝ የፈረስ ውድድር ከተማ ሃምብልቶኒያን የሚባለው ፈረስ ዳይመንድ ከሚባል ሌላ ፈረስ ጋር ተወዳደረ። ውርርዱ 3,000 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ)፣ ርቀቱ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ። ሃምብልቶኒያን በግማሽ አንገት ቀድሞ አሸነፈ። ግን ሁለቱም ፈረሶች በአለንጋና በጫማ ሹል ክፉኛ ተጎድተው ነበር። ባለቤቱ ሰር ሄንሪ ቬን-ቴምፔስት ድሉን ለማስታወስ ስታብስን ቀጠረ። አሞጋሽ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚስል ሁላችንም እናውቃለን፦ የድል መስመሩን፣ የሚጮኸውን ሕዝብ፣ ደረቱን የነፋውን ጌታ። ስታብስ ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 75 ዓመት ነበር፣ ገንዘቡም ሳያስፈልገው አይቀርም። የሳለው ግን ከሩጫው በኋላ ያለውን ነው። ፈረሱ ዝሎ ቆሟል፣ ላቡ እየታሸለት ነው። አጠገቡ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ልጓሙን የያዘው አሰልጣኝና እጁን ፈረሱ ጀርባ ላይ የጣለው የጋጣ ልጅ። ሁለቱም ቀጥ ብለው እኛን ያዩናል። ጌታው የለም። ሦስት ሜትር ተኩል በሚያልፍ ሸራ ላይ ለከፈለው ሰው አንዲት ጥግ አልተሰጠችውም፤ የፈረሱን ላብ ለሚጠርገው ልጅ ግን ንጉሥ የሚሳልበት ቦታ ተሰጠው። ቀጥሎ ምን መጣ? የክፍያ ክርክር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ስታብስም ረታ። ከደንበኛው ጋር ለገንዘቡ በዳኛ ፊት የሚሟገት አሞጋሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ሥዕል ነው እንዳትሉኝ። በ1765 የሳለውን ጊምክራክን እዩ፣ ያንን ትንሽ ግራጫ ፈረስ። ከኋላ፣ በሩቁ፣ ጊምክራክ ሌሎቹን ጥሎ ሲበር ይታያል። ከፊት ደግሞ ያው ጊምክራክ ፈረሶች ከሩጫ በኋላ ከሚታሹበት ቤት አጠገብ ቆሟል፣ አሰልጣኙ ይዞታል፣ የጋጣው ልጅ ከሥሩ በርከክ ብሎ ያሸዋል፣ ጆኪው ቆሞ ያያል። ድሉ ሩቅ ነው፣ ድካሙና ሥራው ቅርብ። ሥዕሉን ያዘዘው መኳንንት እዚህም የለም። ጌቶቹ ከፍለዋል እንጂ ሥዕሉ ውስጥ አልገቡም። በዚያ ዘመን ሌላ የት ነው የጋጣ ልጅ ፊት እንዲህ በጥንቃቄ፣ ምንም ሳይፌዝበት የተሳለው? እኔ አላየሁም። ድሃን የሚስሉ ሰዓሊዎች ነበሩ፣ ግን ብዙዎቹ ወይ ሊያስቁበት ወይ ሊያሳዝኑበት ነው። ስታብስ ሥራውን እንደሚያውቅ ሠራተኛ ነው የሳለው። የቆዳ ሠራተኛ ልጅ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ይሄን የሚያረጋግጥ ወረቀት የለኝም፣ ግን ሥዕሉን አይቶ ሌላ ምክንያት የሚነግረኝ ካለ ይምጣ።

ከፋዮቹ ቁማርተኛ ሀብታሞች ነበሩ፣ እሱ እውነት ነው። እና? ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ እየተጠየቀ ሥዕል የሚወርድ ከሆነ ስንት የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ባዶውን ሊቀር ነው?

ንቀቱ ደግሞ አዲስ አይደለም። ስታብስን በዘመኑም "የፈረስ ሰዓሊ" እያሉ ዝቅ ያደርጉት ነበር። ከሮያል አካዳሚ፣ ከእንግሊዝ ሰዓሊዎች ትልቁ ማኅበር፣ ጋር ተጣልቶ ሙሉ አባልነቱ ሳይጸድቅ የቀረ ሰው ነው። ዛሬ የዊስልጃኬት ሥዕሉ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ጋለሪው በ1997 የገዛው በ11 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ቁመቱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ኮርቻ የለ፣ ጋላቢ የለ፣ ሣር እንኳ የለ። ፈረስ ብቻ፣ የፊት እግሮቹን አንስቶ፣ ዓይኑ እያየህ። የማን ንብረት እንደሆነ የሚናገር አንድ ምልክት አላስቀመጠበትም።

በውይይቱ ላይ ሌላውን እንግሊዛዊ የፈረስ ሰዓሊ አልፍሬድ ማኒንግስንም እንደ ማስረጃ ጠቅሰውታል፣ በ1949 የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኖ በሬዲዮ በተላለፈ ንግግር ዘመናዊ ሥዕልን ስላወገዘ። ንግግሩ መጥፎ ነበር፣ አልከራከርም። ግን በወጣትነቱ ቡችላ አቅፎ ከአጥር ሊያሻግር ሲል እሾህ ወግቶት የቀኝ ዓይኑን ያጣ ሰው ነው፤ በቀረው በአንድ ዓይኑ ነው በ1918 ፈረንሳይ ሄዶ የካናዳን ፈረሰኛ ጦርና ፈረሶቹን የሳለው። እነዚያ የጦር ሜዳ ፈረሶች የየትኛው ሀብታም ሳሎን ጌጥ ነበሩ?

ሥዕሎቹን መጋዘን የሚልኳቸው ሰዎች ከጌታው ጋር የተጣሉ መስሏቸዋል። የሚያወርዱት ግን ያንን የጋጣ ልጅ ነው፣ ስሙን እንኳ ማንም ያልጻፈለትን። የሃምብልቶኒያን ሥዕል ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ማውንት ስቱዋርት በሚባል የድሮ የመኳንንት ቤት ነው ያለው። ያጨበጨባችሁ ሂዱና ፊቱ ቁሙ፣ ከዚያ ማን እንደተሞገሰ ንገሩኝ።