ሥራ አጥነት ቀነሰ አሉ፤ ሥራውን ማን አገኘው?

እናንተዬ፣ ዛሬ ልተንፍስ። ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

«የሥራ አጥነት ምጣኔ ቀነሰ» የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዜና አንባቢው ፈገግ ብሎ ያነበዋል። ባለሥልጣኑ ደረቱን ነፍቶ ይደግመዋል። ከሥር ኮሜንቱ ይዘንባል። «ውሸታሞች!» «የት ያለ ሥራ ነው?» «እኛ ጋ አልደረሰም!» አንዱ ደግሞ የሚስቅ ፊት ብቻ ለጥፎ ያልፋል። እኔን ከሁሉም የሚያመኝ ያ ሳቅ ነው። የሚሳደበው ቢያንስ ቁጥሩን ከቁም ነገር ቆጥሮታል።

ቢሮ ቁጭ ብለው የፈጠሩት ቁጥር ነው አልልም። ብዙ ጊዜ አይደለም። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት ዞረው ይጠይቃሉ። መልሱ ይደመራል፣ ይካፈላል። ስሌቱ ልክ ነው። የሚያበግነኝ ሌላ ነው። እኛ «ሰው ሠርቶ መኖር እየቻለ ነው ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። እነሱ ሌላ ጥያቄ መልሰው፣ የእኛን እንደመለሱ ሆነው ያወራሉ።

እስቲ መስፈርቱን እንየው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነው፤ አብዛኛው አገር በዚህ ይቆጥራል። አንድ ሰው ሥራ አጥ ለመባል፣ በሚጠየቅበት ሳምንት ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት እንኳ መሥራት የለበትም። ይህ ብቻ አይበቃም። ባለፉት 4 ሳምንታት ገደማ ሥራ ፍለጋ የሚታይ ነገር ማድረግ አለበት። ሥራው ቢገኝለት ደግሞ ቶሎ ለመጀመር ዝግጁ መሆን አለበት። አንዷ ከጎደለች ሥራ አጥ አይደለም። ገባችሁ? ለመቀጠር መስፈርት አታሟሉም ተብለን የተመለስን ሰዎች፣ ላለመቀጠርም መስፈርት አናሟላም።

ታናሽ ወንድሜ ሲጠየቅ አጠገቡ ነበርኩ። መረጃ ሰብሳቢዋ ትሁት ልጅ ናት። እሷ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ታብሌቱ ላይ የተጻፈውን ነው የምታነበው። «ባለፉት 7 ቀናት፣ ቢያንስ ለ1 ሰዓት፣ ገንዘብ የሚያስገኝ ማንኛውም ሥራ ሠርተሃል?» አለችው። ወንድሜ ዝም ብሎ «አልሠራሁም» ቢል ኖሮ እኮ ባለቀ። እውነተኛ ነውና ማሰብ ጀመረ።

«ጓደኛዬ ቤት ሲቀይር ዕቃ አግዤው ነበር። ትንሽ ነገር ሰጥቶኛል።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ሁለት… ሁለት ተኩል።»

ልጅቷ ስክሪኑን ነካ አደረገች። በቃ። ዲግሪውን ይዞ ዓመታት ቤት የተቀመጠው ልጅ፣ በአንድ ጣት ንክኪ ሥራ ያለው ሰው ሆነ። ሌሎች ጥያቄዎችም ተከተሉ፤ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ተጨማሪ መሥራት ይፈልጋል ወይ። «አዎ፣ በጣም» አላት። ይህችን «አዎ፣ በጣም» ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ያን ሳምንት ዕቃውን ባያግዝስ? ሥራ አጥ ይሆን ነበር ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ያኔ «ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ ለማግኘት ምን አደረግህ?» ይባላል። የአሜሪካኖቹን አሠራር ብታዩ፣ ማስታወቂያ ማንበብ ብቻውን ፍለጋ አይባልም። ማመልከት አለብህ፣ ቀጣሪ ማነጋገር አለብህ። ጥሩ። ግን ስንት ጊዜ ያመለክታል? ሲቪውን አሳምሮ ይልካል፣ «ተቀብለናል» የሚል መልስ እንኳ አይመጣም። ጀማሪ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ከሥሩ የዓመታት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ይታክተዋል፤ ሰው ነው። ማመልከት ያቆመ ዕለት ከሥራ አጦች ዝርዝር ይወጣል። ስሙም «ከሠራተኛው ኃይል ውጭ» ይሆናል። ከጡረተኛው ጋር ማለት ነው።

አሁን ይህንን በቁጥር እዩልኝ። 100 ሰዎች አሉ እንበል። 90ዎቹ ይሠራሉ፣ 10ሩ ይፈልጋሉ። ሥራ አጥነት 10 በመቶ ነው። ከ10ሩ 5ቱ ታከታቸውና መፈለግ ተዉ። የሚሠራውና የሚፈልገው ተደምሮ 95 ሰዎች ቀሩ፤ ፈላጊው 5 ብቻ። ምጣኔው 5.3 በመቶ! አንድም ሰው አልተቀጠረም። ሥራ አጥነት ግን በግማሽ ያህል «ቀነሰ»። ለዚህ መግለጫ ይሰጣል፣ ይጨበጨባል። ሲገለበጥ ደግሞ ይብሳል። ሥራ መገኘት ይጀምርና እነዚያ የታከታቸው ሰዎች ወሬውን ሰምተው እንደገና ፍለጋ ይወጣሉ። ገና እስኪያገኙ ምጣኔው ሽቅብ ይወጣል። «ባሰ!» ይባላል።

የአገሮቹን ሰንጠረዥ ያየ ሰውማ ጭንቅላቱን ይይዛል። ኒጀር ከዓለም ድሃ አገሮች አንዷ ናት። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግምት ሥራ አጥነቷ ከ1 በመቶ በታች ነው። ስፔን በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ከ10 በመቶ በላይ ነበረች። ታዲያ ሥራ ፈላጊው ሁሉ ከማድሪድ ወደ ኒያሜ ይሂድ? ነገሩ ቀላል ነው። ለሥራ አጥ ድጎማ በሌለበት አገር ያለ ሥራ መቀመጥ ቅንጦት ነው። የተገኘውን ጥቃቅን ነገር ሳይሠራ የሚያድር የለም። አንድ ሰዓት ደግሞ ማንም አያጣም።

እውነቱን ለመናገር የ1 ሰዓቷ ሕግ ለተንኮል አልወጣችም። የአገር ምርት ሲሰላ ትንሿም ሥራ ትገባለች፤ ስለዚህ የሠራው ሰውም እንደ ሠራተኛ መቆጠር አለበት። ለኢኮኖሚስቱ ይጠቅማል። ባለሙያዎቹም ይህ ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። በ2013 ጄኔቫ ላይ በተደረገው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ሰፋ ያሉ መለኪያዎችን አጽድቀዋል። ሥራ እየፈለገ ማመልከት ያቆመው ይቆጠራል። ጥቂት ሰዓት እየሠራ ተጨማሪ የሚፈልገውም ይቆጠራል። የወንድሜ «አዎ፣ በጣም» የት እንደገባች አያችሁ? አልጠፋችም፤ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ተቀምጣለች። አሜሪካ በየወሩ 6 ዓይነት መለኪያ ታወጣለች፤ ዜና ላይ የምትሰሙት ሦስተኛውን ነው። ስድስተኛው ተስፋ የቆረጡትንና ሙሉ ሰዓት አጥተው በግማሽ የሚሠሩትን ይጨምራል። ሁሌም ይበልጣል፣ ሁሌም ከኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሁለቱን ጎን ለጎን ታወጣለች፤ በ2024 ጠባቡ ከ30 በመቶ በላይ፣ ሰፊው ከ40 በመቶ በላይ ነበር። ልዩነቱ ውስጥ ስንት ሚሊዮን ሰው እንዳለ አስቡት።

እና ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። መልሱ አለ! ተጠይቋል፣ ተቆጥሯል፣ ታትሟል። ማይክ የያዘው ሰው ግን የምታምረውን አንዷን መርጦ ያነብና ቀሪውን ሰነዱ ውስጥ ይተወዋል። ከዚያ «ሕዝቡ ለምን አያምነንም?» ይላል። ኧረ በፈጣሪ!

ናይጄሪያ የሆነውን ስሙ። በ2020 መጨረሻ ይፋው ሥራ አጥነት 33.3 በመቶ ነበር። በዚያ ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች የሠራ ሰው ሥራ አጥ ይባል ነበር። በ2023 አቆጣጠሩ ወደ 1 ሰዓቱ ሕግ ተቀየረና አዲሱ ቁጥር ወጣ፤ 4.1 በመቶ። የስታቲስቲክስ ቢሮው አልደበቀም። ዘዴው እንደተቀየረ፣ ሁለቱ ቁጥሮች እንደማይነጻጸሩም አስረድቷል። ባለሙያ ከሆንክ ትረዳዋለህ። ሥራ ፈላጊ ከሆንክ ግን 33 ብለውህ በማግሥቱ 4 ሲሉህ ምን ትላለህ? ማብራሪያውን ማን ያነባል?

ቻይና ደግሞ አቋራጩን መረጠች። በሰኔ 2023 የከተማ ወጣቶች ሥራ አጥነት 21.3 በመቶ ደረሰ። በነሐሴ ቁጥሩን ማውጣት አቆሙ። በጥር 2024 ተማሪዎቹን ቀንሰው መለሱት፤ 14.9 ሆኖ መጣ። ተማሪ ባይቆጠር የሚያስኬድ ምክንያት አለው፣ አልክድም። ግን ቁጥሩ በከፋበት ሰሞን ነው ወይ ትዝ የሚላችሁ?

ፖለቲከኞቹን ተዉአቸው። ትራምፕ በምርጫ ዘመቻቸው ቁጥሩ የውሸት ነው ሲሉ ከረሙ። በመጋቢት 2017 ደህና ቁጥር ሲወጣ ቃል አቀባያቸው፣ ድሮ የውሸት ሊሆን ይችላል፣ አሁን ግን እውነት ነው የሚለውን የአለቃቸውን ቃል እየሳቁ አስተላለፉ። በነሐሴ 2025 ደግሞ የሁለት ወር የቅጥር ቁጥር በ258 ሺህ ዝቅ ተደርጎ ሲከለስ፣ በዚያው ዕለት ቁጥሩን የሚያወጣውን የስታቲስቲክስ ቢሮ ኮሚሽነር አባረሩ። ክለሳ እኮ ጤና ነው። ዘግይተው የሚመልሱ ድርጅቶች መረጃ ሲገባ ቁጥሩ ይስተካከላል። ስህተቱን በአደባባይ የሚያርም ቢሮ ነው ሊታመን የሚገባው። እኛ ግን ክለሳ ስናይ «አየህ፣ ሲዋሹ ተያዙ!» እንላለን። ለራሴ ወገንም አላደላም፤ ኮሜንት ላይ «ውሸት ነው» የሚለው ያው ሰው፣ ቁጥሩ የጨመረ ዕለት እንደ ማስረጃ ይለጥፈዋል።

አለማመናችን ደግሞ ቁጥሩን ራሱን ይበላዋል። እንግሊዝን እዩ። በ2013 ገደማ የሥራ አጥነት ቁጥር ለሚወጣበት የሠራተኛ ኃይል ጥናት ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ ይመልስ ነበር። በ2023 ከአምስቱ አንዱ እንኳ አልመለሰም። በዚያው ዓመት ጥቅምት የስታቲስቲክስ ቢሮው የጥናቱን ውጤት ማውጣት ለጊዜው አቆመ። ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ የሚወስነው፣ መንግሥት በጀት የሚቆርጠው በዚያ ቁጥር ነው፤ እንግዲህ በጨለማ ዳብሱ ተባሉ። በሩን የማይከፍተው ሁሉ ስላላመነ ነው አልልም። ስልክ የማያነሳ አለ፣ ጊዜ ያጣ አለ። ግን «ለማን ብዬ ልመልስ? የራሳቸውን ነው የሚጽፉት» የሚለውም ጥቂት አይደለም። ወንድሜም ልጅቷ ከወጣች በኋላ ያለው ይህንኑ ነው።

ጋዜጠኞች፣ እናንተን ነው የምለምነው። በሚቀጥለው መግለጫ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ። «ምጣኔው ሲቀንስ ስንቱ ተቀጥሮ፣ ስንቱ ታክቶት ወጣ?» በሉ። መልሱ ከፊታቸው ያለው ሰነድ ውስጥ አለ። ባለሥልጣኑ አጠገቡ ወዳለው ባለሙያ ዞር ሲል ካሜራውን እንዳታጠፉት።