እርማት፦ በፕላን ውይይት ላይ መፈረም ይዞታን መልቀቅ አይደለም

በደብረ ብርሃን፣ አነስተኛ ቤቶች ያሉበትን ሰፈር ፎቅ ለሚበዛበት መኖሪያ ስለማዋል በሚደረግ የሕዝብ ውይይት ላይ «በስም መቆጣጠሪያው የፈረመ ሰው ይዞታውን ለመልቀቅ ተስማምቷል» የሚል አስተያየት ሲዘዋወር ተመልክቻለሁ። ስጋቱ ይገባኛል፤ አባባሉ ግን ሁለት የተለያዩ ሂደቶችን ያደባልቃል።

የከተማ ፕላን የሚዘጋጀውና የሚሻሻለው በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ሲሆን፣ ውይይቱ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት የነዋሪው አስተያየት የሚሰማበት መድረክ ነው። ይዞታን ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ ግን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማሻሻያው የሚመራ፣ የራሱ ውሳኔ፣ የጽሑፍ ትእዛዝና የካሳ ግምት ያለው ሌላ ሂደት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 8ም የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል።

ማጣራት የሚፈልግ ሰው ሁለቱን አዋጆች ከነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ፣ ከመፈረሙ በፊትም የወረቀቱን ርእስ ማየት ይችላል (ሳያነቡ መፈረም የትም ቢሆን አይመከርም)። በዚህ ወሬ ምክንያት የሚቀር ነዋሪ ይዞታውን አያስጠብቅም፤ ስለ መንገዱ ስፋት፣ ስለ ፎቁ ከፍታ ወይም ስለ ውኃው አቅርቦት ያለው ተቃውሞ ከቃለ ጉባኤው ውጭ ይቀራል እንጂ።